ቀላል ነገር፣ ከባድ ሥራ

በአማርኛ «ቀላል» የሚለው ቃል ብዙም ክብር የለውም። ሰው «ቀለለ» ሲባል ግርማው ተገፈፈ፣ ዋጋው ወረደ ማለት ነው፤ «ራሱን አቀለለ» የሚለውም አነጋገር ያለ ቦታው ገብቶ ያለ ወጉ የተናገረ ሰው የሚገሠጽበት ነው። በአንጻሩ «ከባድ ሰው መጣ» ሲባል የተቀመጠው ሁሉ ሸማውን ያስተካክላል። ክብደት የክብር፣ ቅለት የመናቅ ምልክት ሆነው በቋንቋው ውስጥ ኖረዋል።

ነገሩ በቃል ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ቃሉ ያሳደረው አመለካከት ግን ወደ ሥራ ይወርዳል። እንግዳ መቀበያውን ሊያስውብ የተነሣ ሰው ማለፊያ እስኪጠፋ ድረስ ክፍሉን በሶፋ ይሞላዋል። ሪፖርት አቅራቢው በሦስት ገጽ የሚያልቀውን ጉዳይ ሠላሳ ገጽ ካላደረሰው የሠራ አይመስለውም። መድረክ የሚያሰናዳው ባለሙያ ተዋንያኑ እስከ መጨረሻው የማይነኩትን ዕቃ ከጥግ እስከ ጥግ ይደረድራል። ሦስቱም አንድ ፍርሃት ይጋራሉ፤ ይኸውም ቀላል መስሎ የመታየት ፍርሃት ነው።

እንግዲህ ቅለት ምን እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ከማነስ ጋር ይምታታል፤ ጌጡ ሲቀነስ፣ ቀለሙ ሲነሣ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሆን ነገሩ ቀለለ ይባላል። ይህ መለኪያ ግን ዓይንን እንጂ ኑሮን አይጠይቅም። የአንድ ዕቃ ቅለት መለካት ያለበት ዕቃው በሚጠቀምበት ሰው ላይ በሚጥለው ሸክም ነው። ሸክም ደግሞ ተኖ አይጠፋም፤ ተጠቃሚው ካልተሸከመው ቀድሞ የተሸከመለት ሠሪ አለ ማለት ነው። በዚህ አስተያየት ቅለት በዕቃ ላይ የሚታይ መልክ ከመሆኑ በፊት በሠሪና በተጠቃሚ መካከል ያለ የድካም ክፍፍል ነው።

ለዚህ አባባል ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በጅማ አካባቢ የሚሠራውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ መመልከት ይበቃል። በርጩማው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ምስማር የለውም፤ ሙጫ የለውም፤ መጋጠሚያም የለውም። መቀመጫው ለተቀማጩ እንዲመች ጎድጎድ ብሎ የተጠረበ ነው። አራተኛ እግር አለመኖሩም ጉድለት አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር የተስተካከለ ወለል ይሻል፤ ወለሉ ካልተስተካከለ አንደኛው እግር ከመሬት ይነሣና ወንበሩ ይንገዳገዳል፤ ተቀማጩም ወረቀት አጥፎ ከሥሩ ለመወተፍ ይጎነበሳል። ሦስት ነጥቦች ግን ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉና፣ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ በአፈር ወለልም ሆነ በጓሮ ሣር ላይ ሦስቱንም እግሮቹን አሳርፎ ይቆማል። የጂኦሜትሪ መምህር በሰሌዳ ላይ የሚያስረዳውን ሕግ ጠራቢው በመጥረቢያና በመሮ አስረድቶታል። ድካሙስ የት ሄደ ቢባል፣ በጠራቢው ክንድ ላይ አርፏል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ዕቃ ስሕተትን አይምርም፤ አንዲት ያለ ቦታዋ ያረፈች ምት የብዙ ሰዓት ሥራ ታጠፋለች፤ ተቀጥሎ የሚስተካከል ነገር የለምና። ተቀማጩ ይህን ሁሉ ሳያስብ ይቀመጣል። ሳያስበው መቀመጡ ራሱ የሠሪው ስኬት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ ላይ ይገኛል። የዶርዜ ሰዎች ቤታቸውን እንደ ቅርጫት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ይጎነጉኑታል። ቤቱ ሲታነጽ ቁመቱ ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ነው፤ ለማያውቀው ተመልካች ይህ ለታይታ የተደረገ ይመስለዋል። ምስጢሩ ግን ከሥር ነው። ምስጥ የቀርከሃውን እግር ይበላል፤ የተበላው ክፍል እየተቆረጠ በተጣለ ቁጥር ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ያም ሆኖ ለረጅም ዘመን ያገለግላል። አስፈላጊም ሲሆን ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ሠሪው ምስጥ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ቁመትን እንደ ቁጠባ አስቀምጦለታል። ከዚህ ቤት የሚገኘው ትምህርት ቀላል ዕቃ ማለት እርጅናው አስቀድሞ የታሰበለት ዕቃ መሆኑ ነው። አንድ ብሎን ሲጠፋበት ከባሕር ማዶ መለዋወጫ እስኪመጣ ተሸፍኖ የሚቀመጥ መሣሪያ፣ መልኩ የቱንም ያህል ያልተንዛዛ ቢሆን፣ ቀላል ሊባል አይገባውም።

እዚህ ላይ የጌጥ ጥያቄ ይነሣል። አዶልፍ ሎስ የተባለው አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1910 በቪየና «ጌጥና ወንጀል» በሚል ርእስ ያሰማው ንግግር በዘመናዊው ዲዛይን ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አግኝቷል። የክርክሩ አንዱ ወገን ጠንካራ ነው። ዕቃው ገና ሳያረጅ ጌጡ ከዘመን ውጭ ይሆናል፤ ስለዚህ ለጌጡ የዋለው የሠራተኛ ጉልበት በከንቱ የፈሰሰ ነው ይላል። ሌላው ወገን ግን ደካማ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው። ሎስ ሕዝቦችን በደረጃ አሰልፎ፣ ጌጥ ወዳዱን ከታች፣ ጌጥ የጣለውን ከላይ አስቀምጧል። የራሱ ሥራ እንኳ ይህን አባባሉን ሙሉ በሙሉ አይደግፍለትም። በቪየና ሚካኤል አደባባይ ላይ ያቆመው ሕንፃ የታችኛው ክፍሉ ሥርና ጅማት በሚመስል መስመር በተዥጎረጎረ ዕብነ በረድ የተለበጠ ነው። ቀራጭ ያልሠራውን ጌጥ ድንጋዩ ራሱ ሠርቶለታል።

መሶብን ያየ ሰው ለሎስ የሚሰጠው መልስ አለው። የመሶብ ቀለም በላዩ የተቀባ አይደለም። ሰፊዋ በወስፌ እየበሳች፣ ቀለም የገባውን ሰበዝ በጥቅሉ ላይ እየጠመጠመች ስትሄድ፣ ጥቅሉን አጥብቆ የሚይዘውና ዓይን የሚማርከው አንዱ ሰበዝ ነው። ጌጡን ልቀንስ ብሎ የመዘዘው ሰው መሶቡን ያፈርሰዋል። በሽመና የሚወጣው የነጠላ ጥበብም እንዲሁ ከድርና ከማጉ ጋር አብሮ ይወለዳል። ከዚያም አልፎ ይናገራል፤ ጥበቡ ወደ ላይ ወደ አንገት ሲዞር ሐዘን፣ ወደ ታች ሲወርድ ሰላም መኖሩን ያስታውቃል። ሐዘንተኛዋ ሐዘኔ ይህ ነው ብላ ለመናገር አትገደድም፤ ነጠላዋ ይናገርላታል። የልብሱን ዳርቻም፣ ዕውቀትንም፣ ኪነትንም «ጥበብ» በሚል አንድ ቃል የጠራ ቋንቋ ጌጥንና አገልግሎትን ለመነጣጠል አለመቸኮሉ ያስመሰግነዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጌጥ አለ ወይስ የለም ተብሎ አይደለም፤ ጌጡ ይሠራል ወይስ ይጫናል ተብሎ ነው።

በሌላ በኩል ባዶነትም ራሱ ጌጥ ሊሆን እንደሚችል የአውሮፓው ታሪክ ያስተምራል። ዋልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር የመሠረተው ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት እስከ ተዘጋበት እስከ 1933 ድረስ የእጅ ሙያንና የፋብሪካ ምርትን ለማስታረቅ ደክሟል። ከዚያው የወጣው ማርሴል ብሮየር እ.ኤ.አ. በ1925 ከብስክሌት መሪ ሐሳብ ወስዶ ወንበርን ከታጠፈ የብረት ቱቦ ሠራ። ቱቦው በፋብሪካ ስለሚመረት ወንበሩ ለብዙ ሰው ይዳረሳል የሚል ተስፋ ነበር። ያው ወንበር ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጥ፣ የባለ ጸጋ ሳሎን ማድመቂያ ሆኗል። መስመሩ እንደ ጥንቱ ጥቂት ነው፤ የተለወጠው የሚያገለግለው ሰው ነው። ለማን ቀለለ የሚለው ጥያቄ ካልተጠየቀ፣ ቅለት እንደ ወርቅ ቅቡ ወንበር ሁሉ የመታያ ልብስ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ባለፉት አሠርት ዓመታት የበዙት በመስታወት የተለበጡ ሕንፃዎች ከዚሁ ፍርድ አያመልጡም። ከሩቅ ሲታዩ ያልተንዛዙ ናቸው፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ንጣፍ። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ በምትበረታበት ከተማ፣ ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ ሙቀቱንና ነጸብራቁን ለመከላከል መጋረጃ ይዘጋል፤ መጋረጃውን ስለዘጋም በቀትር መብራት ያበራል። ሠዓሊው በወረቀት ላይ ያቀለለው ሕንፃ በሠራተኛው ዓይንና በመብራት ሒሳብ ላይ ከበደ። የቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ሰፊ በረንዳና ወደ ውጭ የወጣ የጣሪያ ክፈፍ የነበራቸው ለዚህ ነበር። ክፈፉ ለሥዕሉ አንድ ተጨማሪ መስመር ቢሆንም ለነዋሪው ግን ጥላ ነው።

በመኖሪያ ቤትም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። በብዙ ቤት ባለ መስታወት ቡፌ አለ፤ በውስጡም ለእንግዳ የተባለ ብርጭቆና ሳሕን ተደርድሯል። እንግዳው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ አቧራው ግን በየቀኑ ይመጣል። የቤቱ ልጆች እንዳትነኩ እየተባሉ ያድጋሉ፤ የቤቱ እናት ማንም የማይጠጣበትን ብርጭቆ ስታጥብ ትኖራለች። እንግዳን ማክበር መልካም ባህል ነው። ነገር ግን እንግዳን ለማክበር የተገዛው ዕቃ ቤተሰቡን አገልጋይ ካደረገ፣ ማን ማንን እንደሚያገለግል መጠየቅ ተገቢ ነው። ያላስፈላጊ ዕቃ ዋጋው በገበያ የተከፈለው ብቻ አይደለም፤ የሚጠረግበት፣ የሚጠበቅበትና የሚታለፍበት ጊዜ ሁሉ ዋጋው ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የጥንቱ ሁሉ ቀላል፣ የአዲሱ ሁሉ ከባድ ነው ለማለት አይደለም። እንስራ ውብ ዕቃ ነው፤ ላዩ ላቡን እየተነፈሰ ውሃን ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ውሃ ሞልቶ ከምንጭ እስከ ቤት በሴት ጀርባ ላይ ሲወጣ፣ የራሱ የሸክላው ክብደት በውሃው ክብደት ላይ ይጨመራል፤ እግር ካዳለጠም ይሰበራል። ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን በመጣ ጊዜ ለዓይን ምንም ውበት አልነበረውም፤ ለወገብ ግን ምሕረት ነበረው። ክዳን አለው፤ አይፈስም፤ ወድቆ አይሰበርም። በሥዕል ኤግዚቢሽን እንስራ የተሸከመችን ልጃገረድ እያዩ የሚመሰጡ ተመልካቾች ሸክሙን በትከሻቸው ቢሞክሩት ኖሮ ምስጋናቸውን ለጀሪካኑ ባካፈሉት ነበር። በቅለት መለኪያ መንገዱ ላይ ጀሪካኑ፣ ቤት ውስጥ እንስራው ያሸንፋል። ሐያሲ ዕቃን በትዝታ ሳይሆን በአገልግሎት መመዘን አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው።

ፊደልም የዕለት ተዕለት ዕቃ ነውና በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በአማርኛ ንግግር ልዩነታቸው ስለጠፋ ይቀነሱ የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። ቀናሾቹ የተማሪውን ድካም ያነሣሉ፤ ጠባቂዎቹ ደግሞ በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን ሌባ ሆነ ማለት መሆኑን ያስታውሳሉ። የሁለቱም ዓይን ያለው በፊደላቱ ቁጥር ላይ ነው። የአንባቢው ሸክም ግን በሌላም በኩል አለ፤ የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «አለ» የሚለው ቃል ተናገረ ይሁን ኖረ፣ «ገና» የሚለውም በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ፈልጎ ማግኘት አለበት። የፊደል መሻሻል ደጋፊ የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል። ማሻሻልን የሚሹ ደራሲ መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም ማቅለል መሆኑን በሥራ አሳዩ። በየገጹ ነጥቡን የማኖር ድካም የጸሐፊውና የአታሚው ሆነ፤ አንባቢው ግን ሳይደናቀፍ አለፈ። ልማዱ በሌሎች ዘንድ አለመስፋፋቱ ያንን ድካም የሚሸከም አታሚ ማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያመለክታል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ግን ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባም። የአማርኛና የግእዝ ሥነ ጽሑፍ መኩሪያ ቅኔ ነው፤ ቅኔ ደግሞ ሰሚውን ያደክማል እንጂ አያሳርፍም፤ ወርቁን ከሰሙ ሥር ለማውጣት ያስጨንቀዋል፤ ታዲያ ቅለት የኪነ ጥበብ ሕግ ከሆነ ቅኔ የት ይግባ የሚል ተቃውሞ ነው። መልሱ ሁለት ዓይነት ድካም መኖሩን ለይቶ በማወቅ ይገኛል። አንደኛው ተጠቃሚው ፈልጎ የመጣበት ድካም ነው፤ ሁለተኛው በመንገዱ ላይ የተጋረጠበት ነው። ቅኔ ሰሚ የመጣው ለመቆፈር ነው፤ ቁፋሮው ደስታው ነው። ባለ ቅኔውም ቢሆን በከንቱ አላስቆፈረውም፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ የሚያልቅ ነውና፣ በዚያች ጠባብ ስፍራ ሁለት ትርጉም ለማሳደር የእርሱ ድካም ከሰሚው ይበልጣል። ቡናም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ መጠጣቱን የሚያሳጥር «ማሻሻያ» ቡናውን ሳይሆን ጉርብትናውን ይቀንሳል። ጀበናው ግን አላስፈላጊውን ድካም ቀንሷል፤ ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ሲያርፍ አተላው በሆዱ ይዘቅጣል፤ ጠባቡ አንገት ጥሩውን ያሳልፋል። ጨዋታው ይረዝማል፤ ሥራው አይንዛዛም። ቅለት ችኮላ አለመሆኑን ከጀበና የተሻለ የሚያስረዳ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ የቢሮንና የመማሪያ ክፍልን ኑሮ መመርመር ይቻላል። አንድ ባለጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይሞላል፤ በሁለተኛው መስኮት ያንኑ ይሞላል፤ በሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ ፋይሎች የተገለበጠ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ማስረጃው ያለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ከፋይል ወደ ፋይል መሄድ የነበረበት ወረቀት ስላልሄደ ሰውየው ራሱ ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል። ማንም የዚህን ቅጽ አቀማመጥ የኪነ ጥበብ ጉዳይ አድርጎ አይቆጥረውም። ይሁንና ብዙ ሰው በሕይወቱ የሚያገኘው ዲዛይን በሙዚየም የተቀመጠው ሳይሆን ይህ ቅጽ ነው። ቅጹን ያዘጋጀው ሠራተኛ አንድ ቀን ተቀምጦ ቢያስብበት ኖሮ የብዙ ሰው ብዙ ቀን ይተርፍ ነበር።

ንግግርም እንዲሁ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የአገሩ ሰው። ሥሩን ያልደረሰበት መምህር ትምህርቱን በከባድ ቃላት ይሸፍነዋል፤ ተማሪውም ያልገባው በራሱ ስንፍና እየመሰለው ያፍራል። የተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ምናልባትም የከፋው እርሱ ነው። ነገሩን ለማቅለል ብሎ አስቸጋሪውን እውነት ቆርጦ የሚጥል ተናጋሪ አለ። መድረኩ ላይ ሁሉ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ ጭብጨባው ይደምቃል፤ አድማጩ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን የተቆረጠው ችግር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህ ማቅለል ሳይሆን ሸክሙን ደብቆ ማሸከም ነው። እውነተኛው ቀላል ንግግር ችግሩን ከነሙሉ ክብደቱ አንሥቶ፣ አድማጩ የሚይዝበትን እጀታ ያበጅለታል።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የተነሣው ቃል ተመልሶ ይመጣል። ሸክሙን ቀድሞ የተሸከመው ሠሪ ማን ነበር? በዚህ አገር ጀበናውን ያበጀችው ሸክላ ሠሪ፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ፣ ጥበቡን የሸመነው ሸማኔ፣ ቆዳውን ያለፋው ፋቂ ናቸው። ኅብረተሰቡ በሥራቸው እየኖረ ስማቸውን ስድብ አድርጎታል፤ ቡዳ ብሎ ሸሽቷቸዋል፤ በብዙ ስፍራ ከጋብቻና ከርስት አግልሏቸዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በሙያው እንዳይሰደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። አዋጅ ግን ምላስን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ዓይንን ወዲያው አያስተካክልም። ቀላል ዕቃን መናቅና የቀላል ዕቃ ሠሪን መናቅ የተወለዱት ከአንድ ማሕፀን ነው። ዕቃው በእጅ ላይ ስለቀለለ፣ የሠሪው ድካምም ቀላል መሰለ።

እንግዲህ በኪነ ጥበብ ዘርፍ ለተሰማሩት ሁሉ የሚቀረው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውና በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ከሥነ ጥበብ ጎን «ዲዛይን» የሚለውን ቃል በስሙ ይዟል። ቃሉ ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው ተማሪው የቪየናንና የቫይማርን ክርክር ካነበበ በኋላ ከሸክላ ሠሪዋ አጠገብ ተቀምጦ አንገቱ ለምን ጠበበ፣ ሆዱ ለምን ሰፋ ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሷንም ከነስሟ ሲጽፍ ነው። ሐያሲውም አንድን ሥራ «ቀላል» ብሎ ከማለፉ በፊት፣ ለማን ቀለለ፣ ማንስ ከበደው ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። መሥሪያ ቤቶችም ቅጾቻቸውን፣ መምህራንም ማስታወሻዎቻቸውን በዚሁ ጥያቄ ቢፈትሹ ብዙ ወረቀትና ብዙ እግር ያርፋል። ገዢም በገበያ ላይ በርጩማ አንሥቶ «ይቺ እንጨት ናት፣ ምን አላት?» እያለ ዋጋ ሲቀንስ፣ ምን እንደሌላት ከመቁጠር ይልቅ ምን እንዳላስፈለጋት ቢመለከት፣ ለጠራቢው የሚገባውን ለመክፈል እጁ አይታጠፍም።